የግብጦ ውሃ ያወረደው ስኳር

ግብፅ፣ እስና ከተማ፣ አባይ ዳር ግብጦ እሸጣለሁ። ግብጦ ምሬቱ እስኪለቅ ለቀናት ይነከራል፤ የተነከረበትን ውሃ ሌላው ይደፋዋል። እኔ ግን በየማለዳው አንድ ብርጭቆ ለወንድሜ ለሐጅ ዘናቲ አጠጣው ነበር። መራራ ጣፋጩን ያባርራል ይባላል በእኛ ዘንድ።

ዘናቲን ስኳር ከያዘው አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሙ «ኩላሊትህ ተነክቷል» አለው። «ጨው ቀንስ፤ የግፊት መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ። በየሦስት ወሩ ካልተመረመርክ መጨረሻህ የደም ማጠቢያ መኪና ነው።»

ወንድሜ ከሞት ይልቅ ያንን መኪና ይፈራል። ዓመት ሙሉ የታዘዘውን ሁሉ አደረገ።

ከዚያ ስኳሩ በድንገት ይወርድ ጀመር። ሦስት መቶ የነበረው መቶ ሃያ ገባ። የኢንሱሊን መርፌውን በግማሽ ቀነሰ፤ አሁንም ወረደ።

«ድኛለሁ መሰለኝ» አለኝ።

«ሰኒያ አዳነችኝ በል እንጂ፣ ምስጋና ቢስ!»

«ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። ሉክሶር ሐኪሙ ዘንድ ልሂድ?»

«የዳነ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? ይልቅ ስለትህን አግባ!»

ቀጠሮውን ትቶ በግ አረደ። እኔም ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ለከተማው ሁሉ አወራሁ።

ስለቱን ባገባ በሰባተኛው ወር ምግብ አስጠላው፤ ፊቱም አበጠ። ሉክሶር ወሰድኩት። ሐኪሙ የምርመራውን ወረቀት አይቶ ስኳሩ መቼ መውረድ እንደጀመረ ጠየቀኝ። በኩራት ነገርኩት።

«ሐጃ ሰኒያ፣ ግብጦሽ አይደለም ያወረደው» አለኝ። «የመርፌውን መድኃኒት ከደም የሚያስወግደው ኩላሊት ነው። እሱ ሲደክም መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይቆይና ስኳሩን ያወርደዋል። ያኔውኑ ብትመጡ እናዘገየው ነበር።»

«አሁንስ?» አለ ዘናቲ።

«ከቅዳሜ ጀምሮ እጥበት። በሳምንት ሦስት ቀን።»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። እየተታለልኩ የጨፈርኩት እኔ ነኝ። ቤት ደረስን።

በሩ ላይ ጎረቤቴ ነዒማ ቆማለች። ባሏ ስኳር አለበት፤ ያንን ውሃ ከእኔ መውሰድ ከጀመረች አራት ወሯ ነው። ስታየኝ እልልታዋን ለቀቀችው።

«እጅሽ ይባረክ ሰኒያ! የእኔውም ወረደ! መቶ አሥር!»

እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። እጄን ነጠቅኳት።

«ባልሽን ልብስ አስለብሺው» አልኳት። «ያመጣን መኪና ሳይሄድ ሉክሶር ይዤው እመለሳለሁ።»