በመዝገበ ቃላት የተሳፈረው ዘፈን

አባ ቶሪቢዮ ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩና፣ «‹መቅዘፊያ› ላይ ደርሰናል። ምሳሌ ስጠኝ» አሉ።

ጋስፓር ላዩግ አላመነታም። «መቅዘፊያዬ ቢሰበር ክንዴ ይቀዝፋል።»

«ግሩም ነው!» ቄሱ በቁራጭ ወረቀት ጻፉት፤ ከሌሎቹም ጋር በሳጥን ውስጥ አስቀመጡት።

ሠላሳ አንደኛው ስንኝ ገባ። ዘጠኝ ቀሩ።

አባ ቶሪቢዮ ከስፔን የሚመጡ አዳዲስ ቄሶች የሕዝቡን ኑዛዜ መስማት እንዲችሉ የአገሬውን ቋንቋ የታጋሎግን መዝገበ ቃላት እያዘጋጁ ነበር። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር ከአገሬው አፍ ይሻሉ። ጋስፓርም ለአራት ወራት ጧት ጧት አንድ እግሩን እየጎተተ የቄሱን ቤት ደረጃ ወጥቷል። ምን ይዞ እንደሚወጣ ግን ቄሱ አያውቁም።

የመንደሩ ሃያ መቅዘፊያ ጀልባ በሐይቁ ዳር ከቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። ቀዛፊዎቹ ለስፔኑ ንጉሥ መርከብ ግንድ እንዲቆርጡ ተብለው ወደ ተራራ ተነዱ። ከሃያው አንድ ጋስፓር ብቻ ጉልበቱ ተሰብሮ ተመለሰ። ጀልባው ውስጥ አሁን ዶሮ ትፈለፍልበታለች። የቀዛፊዎቹን ዘፈን፣ አርባውንም ስንኝ፣ ከአባቱ ተቀብሎ ሲመራ የነበረው እሱ ነው፤ እሱ ከሞተ አብሮት ይቀበራል።

ችግሩ ዘፈኑ በየብስ አለመዘፈኑ ነው። ከአያት የመጣ ሕግ ነው፦ አርባው ስንኝ በተርታ መሬት ላይ ከተሰማ ነፋስ ይነሣል፤ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ላይ ያለ ሰው አይተርፍም። በዚያ ላይ የጥንቱን ዘፈን ቄስ እንዲጽፍ አይፈቀድለትም። ነጠላ ስንኝ ግን ዘፈን አይደለም። ወሬ ነው። ለመዝገበ ቃላት የሚሆን ምሳሌ ነው።

የአባቱ እህት ቢናይ ብቻ ምስጢሩን ታውቃለች። ያን ዕለት ቤት ሲገባ አፍ የሚያቀላውን ቅጠሏን እያኘከች ጠበቀችው።

«ዛሬስ የወንድሜን የቱን ብልት ሸጥክ?»

«መቅዘፊያውን፣ እትዬ።»

«እንደ ዓሣ ከታተፍከው! ራሱ እዚህ፣ ጭራው እዚያ። በዚያ ሁሉ ቃል መሃል በትነኸው ማን ሊለቅመው ነው?»

«የተከተፈ ዓሣ ዓሣ ነው። የበሰበሰ ግን ለማንም አይሆንም።»

«አፍህስ እንደ አባትህ ነው።» ቀዩን ምራቅ በመስኮት ትፍ አለች። «እግርህ ነው እንጂ የተሰበረው፣ ምላስህ ደህና ነው።»

በማግስቱ ጋስፓር አባ ቶሪቢዮን የሳጥኑን ክዳን ሲያስሩ አገኛቸው። «ወደ ማኒላ የሚሄደው ጀልባ ነገ ይነሣል። መጽሐፉ ሊታተም አብሮ ይሄዳል። ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ጨርሰናል።»

ጋስፓር ግን ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «አልጨረስንም፣ አባ። ‹ማዕበል› የለዎትም። ‹የጀልባ ሆድ›ም የለም። ‹ጎሕ ሲቀድ›ም አልገባም።»

«‹ማዕበል› የለም?»

«እኔ ነኝ የረሳሁት። ይጻፉ።»

ቄሱ እያጉረመረሙ ክዳኑን ፈቱ። ጋስፓር ቃሉን ከነምሳሌው አከታተለው። እስከ ምሳ ድረስ ስምንት ወረቀት ተጻፈ። በስምንተኛው ላይ የአባ ቶሪቢዮ ብዕር ቆመ።

«ጋስፓር፣ የሌላው ሰው ምሳሌ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያገባል። ያንተ ለምንድን ነው ሁሉም የሚቀዝፈው?»

«የሐይቅ ሰው ነኝ፣ አባ። በምን ልሂድ?»

ቄሱ አልሳቁም። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡና የእሱን ወረቀቶች ለቀሙ። አንዱን ከሌላው አጠገብ አደረጉ፤ አነሡ፤ ቦታ አቀያየሩ። ጆሯቸው ለቅኔ የሠለጠነ ነበር። ስንኞቹ እርስ በርስ ሲጠራሩ ሰሟቸው። ከዚያ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ጋስፓር በሰባራ እግሩ ዘሎ ወረቀቶቹ ላይ በሁለት እጁ ተደፋ።

«በየብስ አይሆንም! ሰው ውሃ ላይ አለ!»

አባ ቶሪቢዮ ቀና ብለው አዩት። ከመስኮቱ ባሻገር ሁለት የዓሣ አጥማጅ ታንኳዎች ሐይቁ መሃል ነበሩ። ቄሱ ሊቆጡ ነበር፤ ቁጣቸው ወዴት እንደሄደ ግን ጠፋባቸው።

«ዘፈን ነው እንግዲህ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ነው።»

«አራት ወር አታለልከኝ።»

«አንድም የሐሰት ቃል አልሰጠሁዎትም። አውጣቸው ካሉኝ አወጣለሁ። ግን የትኞቹን ቃላት ይተዋሉ?»

ቄሱ ወንበራቸው ላይ ተደገፉ፤ ወረቀቶቹን በዓይናቸው አንድ በአንድ አዩ። «ቃላቱ ጥፋት የለባቸውም። ይቆያሉ፤ በየፊደል ተራቸውም ይበተናሉ። ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። ያለቀ አይመስልም።»

«አንድ ይቀራል። ‹ሊናያ ሆይ፣ ውሃውን ክፈቺልን።›»

«ሊናያ ማን ናት?»

«የሐይቁ እመቤት።»

«አይሆንም!» ቄሱ ጠረጴዛውን መቱ። «ጣዖት በእጄ አልጽፍም። ሠላሳ ዘጠኙን ይዘህ አመስግን።»

ጋስፓር ሠላሳ ዘጠኙን ይዞ መውጣት ይችል ነበር። ደረጃውንም አየ። ነገር ግን ቀዛፊው ሁሉ መቅዘፊያውን አንሥቶ በአንድ ድምፅ የሚጮኸው ያቺን ስንኝ ነበር፤ ያለ እሷ ጀልባው ከዳር አይለቅም። እዚያው ተቀመጠ።

«አባ፣ መጽሐፉ ለማን ነው?»

«ኑዛዜ ለሚሰሙ ቄሶች።»

«አንዲት አሮጊት ለአዲሱ ቄስ ‹ሊናያን ለመንኩ› ብትለው ምን ይላታል? ጎረቤቷ መስላው ‹መልካም አደረግሽ› ብሎ ያሰናብታታል። የማያውቀውን እንዴት ይከለክላል?»

አባ ቶሪቢዮ ጢማቸውን አሻሹ። «አንተን ዳኛ ያላደረገህ አምላክ ይመስገን» አሉና አዲስ ወረቀት ሳቡ። እየጻፉም ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ሊናያ። የጥንት ሰዎች በድንቁርና የሚያመልኳት የሐሰት መንፈስ። የጠራት ይገሠጽ። ምሳሌ፦ . . .» ቀና አሉ። «እንዲህ ተሰድባ ትገባለች። ደስ ይልሃል?»

ጋስፓር ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። ማንበብ አይችልም፤ ቀለሙ እንዳይበላሽ የፈራ ይመስል ግን ትንፋሹን ያዘ።

«ስድቡን እንደፈለጉ ያርዝሙት፣ አባ» አለ። «ስንኟ ብቻ አትጉደል።»