የታጠበው ዋንጫ

ምስጢር ስልኳ ሲጮህ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ካለችው የልብስ ስፌት ቤቷ ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ ጥልፍ እየጨረሰች ነበር። የደወለው ንብረት የሚባለው፣ ማክሰኝት ያለው የአባቷ ጎረቤት ነው።

«አባትሽ ጧት ኮሶ ጠጥቶ ወደቀ። አሁን ነቅቷል፤ ግን ዓይኔ ጨለመብኝ ይላል።»

«ኮሶውን ማን ሰጠው?»

«ማን ይሰጠዋል? ሚስቱ ናት እንጂ።»

ምስጢር ቀሚሱን ጥላ ወጣች። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቷ አያ ዋኘው ጥሬ ሥጋ ስለሚወድ በየሁለት በየሦስት ወሩ ኮሶ ይጠጣል። በፊት እናቷ፣ እናቷ ከሞተች በኋላ ደግሞ ራሷ ምስጢር ወቅጣ፣ በጥብጣ ታጠጣው ነበር። ሆዱን ቆርጦት፣ አድክሞት ይውላል፤ ማታ ራቱን በልቶ ይተኛል። ከዚያ የባሰ ነገር ደርሶበት አያውቅም። አሁን ግን ቤቱ ውስጥ ባንቺአየሁ አለች። ከጭልጋ ካገባት ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ወሬ አታበዛም። ምስጢር ደግሞ ዝም የሚል ሰው አታምንም።

ስትደርስ አባቷ መደብ ላይ ተጋድሟል። የንስሐ አባቱ አባ ገብረ ኢየሱስ አጠገቡ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ምስጢር አባቷ ፊት ለፊት ቆመች።

«ማነው እሱ?» አለ ዋኘው፣ ዓይኑን እንዳፈጠጠ።

ምስጢር እንባዋን ውጣ ወደ ማድ ቤት ገባች። የትናንቱ ድስት፣ ሳህኑ፣ ብርጭቆው ሁሉ እንደ ቆሸሸ ተከምሯል። ኮሶው የተጠጣበት ዋንጫ ብቻ ታጥቦ፣ ተደፍቶ ይንጠፈጠፋል።

«ምነው ዋንጫውን ብቻ ለይተሽ አጠብሽ?» አለቻት፣ ምድጃው አጠገብ ያገኘቻትን ባንቺአየሁን።

ባንቺአየሁ ካህኑ ወዳሉበት ክፍል አየት አደረገችና «ቆሽሾ ነው» አለች።

«ስንት አደረግሽለት?»

«እንደ ሁልጊዜው፤ አንድ እፍኝ።»

«ሌላስ ምን ጨመርሽበት?»

«እኔ ምንም አልጨመርሁም።»

ምስጢር የተረፈውን የኮሶ ዱቄት በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ወጥታም ለንብረት «መርዛዋለች» አለችው። ንብረት ደግሞ ወሬ ይዞ የሚያድር ሰው አልነበረም።

መኪና ተከራይተው ወደ ጎንደር ሲሄዱ ባንቺአየሁ ማንም ሳይጠራት ገብታ የባሏን እግር አቅፋ ተቀመጠች። መንገድ ላይ ውኃ ልታጠጣው ስትል ምስጢር ነጥቃ በመስኮት ደፋችው። አባ ገብረ ኢየሱስ አይተው አቀረቀሩ።

ሆስፒታል የተቀበላቸው ትዕዛዙ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው። ደሙ ተመርምሮ ጉበቱ መጎዳቱ ታወቀ። ምስጢር ቋጠሮውን ፈታ ሰጠችው።

«መርዝ አለበት፤ አስመርምርልኝ።»

ሐኪሙ አሸተተው። «ይመረመራል። አያ ዋኘው፣ ከኮሶው ጋር የበሉት ነገር አለ?»

አባ ገብረ ኢየሱስ ቀደሙት። «ምን ይበላል ልጄ? የሰኔ ጾም አይደለም እንዴ!»

ዋኘው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሐኪሙ ይህን አየና «አባ፣ ለጥቂት ጊዜ ውጭ ይጠብቁን» አላቸው። በሩ እንደ ተዘጋ ዋኘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባንቺአየሁ፣ በማርያም ምለሽልኛል» አለ።

«ዓይንህ ከሚጠፋ መሐላዬ ይጥፋ!» ባንቺአየሁ አለቀሰች። «ቅቤ ጨምሮበታል። መራራው አንገሸገሸኝ ብሎ ሦስት ማንኪያ ቅቤ አቅልጦ አፍስሶበት ሲጠጣ ደረስሁበት። ለአባ እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ። ዋንጫው ቅባት በቅባት ነበር፤ እሳቸው እንዳያዩበት ብዬ አጠብሁት።»

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ኮሶ የሚጠጣው አንጀት ውስጥ ቆይቶ፣ ትሉን አዳክሞ አብሮት እንዲወጣ ነው። ትሉን የሚገድለው ነገር በውኃ እንደ ልብ አይሟሟም፤ ስለዚህ ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው። ያንን ጥቂት ጉበት ይጨርሰዋል። በቅባት ግን ይሟሟል። ሰውነት ቅቤውን ሲቀበል የኮሶውንም ኃይል አብሮ ተቀበለ። ጉበትዎ ከአቅሙ በላይ መጣበት፤ የተረፈው በደም ዞሮ የዓይንዎን ነርቭ ሳይነካ አልቀረም።»

«እፍኙ እኮ ያው ነው» አለች ምስጢር።

«እፍኙ ያው ነው። ወደ ደሙ የገባው ነው የበዛው።»

ምስጢር አሁንም አልተዋጠላትም። «ቅቤውን ጨምር ያለችህ እሷ አይደለችም?»

«ተይ ልጄ» አለ ዋኘው። «እጄ ነው፤ ሆዴ ነው።»

ዱቄቱም ተመርምሮ ሌላ ነገር አልተገኘበትም። ዋኘው አሥራ ሁለት ቀን ተኝቶ ሲወጣ ቀኝ ዓይኑ የሰው ፊት ይለይ ነበር፤ ግራው እንደ ጨለመ ቀረ። ባንቺአየሁ እቤት አድርሳው በማግስቱ ጭልጋ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ወሬው እነሱ ሆስፒታል ሳሉ ማክሰኝትን አዳርሶ፣ ወፍጮ ቤት ሴቶቹ እህላችንን ከእህሏ አጠገብ አናስቀምጥም ብለው ነበር።

ምስጢር ጭልጋ ድረስ ሄዳ ከባንቺአየሁ ወንድም ደጃፍ ቆመች።

«በድዬሻለሁ። ነይ እንሂድ።»

«መምጣቱን እመጣለሁ» አለች ባንቺአየሁ። «መጀመሪያ ያወራሽውን ካወራሽበት አገር ላይ አንሽልኝ።»

ያን ለማንሳት ደግሞ የዋኘው ገመና መውጣት ነበረበት። ምስጢር ይህን ለአባቷ ነገረችው። እሱም «ሸጋ ጠየቀች» አለ።

እሑድ ሰንበቴው ላይ፣ አባ ገብረ ኢየሱስ ጠበሉን እንደ ባረኩ፣ ዋኘው በምስጢር ትከሻ ተደግፎ ተነሣ።

«ጾም ገድፌያለሁ። በኮሶ ላይ ቅቤ የጠጣሁ እኔ ነኝ። ሚስቴ ያልሠራችው በደል ተወራባት።»

ንብረት ጽዋውን ይዞ መሬት መሬት ያይ ነበር። ምስጢርም «መርዛዋለች ያልሁት እኔ ነኝ» ብላ አባቷ አጠገብ ቆማ ተናገረች። 

ባንቺአየሁ በሳምንቱ ተመለሰች። ዋኘው አሁን ትል ሲይዘው ጤና ጣቢያ ሄዶ ክኒን ይውጣል። ምስጢር ከጎንደር ስትመጣ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ጤፉም ያወራሉ። ምስጢር «እትዬ» ትላታለች። ባንቺአየሁም «አቤት» ትላለች፤ እስካሁን ግን «ልጄ» ብላት አታውቅም።