እጅ የማይደርስበት

በተወለደ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ማስተዋል ልጇን አልጋ ላይ ወረወረችው።

አስቀመጠችው ማለትም ይቻል ነበር፤ ለራሷም እንደዚያ ልትል ሞክራለች። እጇ ግን ያውቃል። ጠብቶ ሳይጨርስ ወገቡን ገትሮ፣ ወተቱን በአፉም በአፍንጫውም ደረቷ ላይ ለቆባት፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ ሲጮህ፣ ይቅር ይበላትና፣ አንስታ ወረወረችው። ፍራሹ ላይ ነጠረ። ለአፍታ ዝም አለ፤ ያቺ አፍታ ደስ አለቻት። ከሁሉ ያስፈራት ደስ ማለቷ ነው።

ከዚያ ጩኸቱ ካቆመበት ቀጠለ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሥርጉት በሁለተኛው ሳምንት ነግራቸው ነበር፦ "የጠባው ወደ ላይ እየተመለሰ ጉሮሮውን እያቃጠለው ይሆናል። ከጠባ በኋላ ቀና አድርጋችሁ ያዙት፤ ቅቤም አታልሱት።" ማን ሰምቷት! አማቷ ወይዘሮ እናናየሁ ከአንኮበር ይዘውት የመጡትን ለጋ ቅቤ በየማለዳው በጣታቸው ያልሱታል። ክርስትና ሳይነሳ ቀና የተደረገ ልጅ አንገቱ ይሰበራል ብለው ደግሞ እንደ ሬሳ ጠቅልለው በጀርባው ያስተኙታል። ሆዱ እንደሞላ ተጋድሞ ቢጮህ ምን ይገርማል?

ባሏ እሱባለው ባጃጅ ይነዳል። በግራ ቅንድቡ ላይ ጣት የሚያህል ጠባሳ አለው፤ ሕፃን ሳለ የአባቱ በቅሎ ረግጣው ነው ይላል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህን የበቅሎ ታሪክ ያልሰማ ተሳፋሪ የለም። የበቅሎ ርግጫ የቻለው ሰውዬ የልጁን ጩኸት ግን አልቻለም፤ ከሳምንት ወዲህ ቤት የሚገባው ለመቆጣት ብቻ ነበር።

ያን ዕለት አራት ሰዓት ላይ ከእናቱ ጋር ገባ። ከኋላቸው አያ ወልደአረጋይ የሚባሉ የአንኮበር እንጥል ቆራጭ ተከትለዋል። ስለታቸውን ከጨርቅ ፈቱት፤ ጫፉ የታጠፈ ነው።

"እንጥሉ ወርዶ ነው የሚያስለቅሰው" አሉ ወይዘሮ እናናየሁ። "ዛሬ ይገላግሉናል።"

"ልጄ አይነካም!"

"ምን ታመጫለሽ?" አለ እሱባለው። "እኔም ተቆርጬ ነው ያደግሁት።" ሁለት ክንዷን ከኋላ ጠምዝዞ ያዛት።

አያ ወልደአረጋይ አልጋው ላይ የተጋደመውን ሕፃን አፍ በአውራ ጣታቸው ከፈቱ። ስለቱ ከንፈሩን ሲነካ ማስተዋል የባሏን ክንድ ነከሰች፤ ደሙ ጥርሷ ላይ እስኪሞቃት አልለቀቀችም። ጮኾ ሲለቃት ጥግ ከቆመው ሙቀጫ ዘነዘናውን መንጭቃ የቆራጩን የእጅ አንጓ መታች። አጥንቱ ቀጭ አለ፤ ስለቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ወይዘሮ እናናየሁ "ኡኡ!" ብለው ሲያንቋት ገፈተረቻቸው፤ ግንባራቸው ከሳጥኑ ጠርዝ ተላተመና ደማቸው እየወረደ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እሱባለው በጥፊ አላት፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ዘነዘናውን በሁለት እጇ አነሳችበት።

"ና! ና በለኝ!"

አልመጣም። ዓይኗን አይቶ ቆመ። አያ ወልደአረጋይ የተሰበረ እጃቸውን ታቅፈው እየተራገሙ ወጡ።

ማስተዋል ዘነዘናውን በጉልበቶቿ መሃል ሰክታ፣ ዓይኗን ከባሏ ሳትነቅል፣ ልጁን አንስታ አዘለችው፤ አንገቱን በታጠፈ ነጠላ ደግፋ ጥብቅ አደረገችው። የሠላሳ ሦስት ቀን ልጅ በዚያ አገር አይታዘልም። እሷ አዘለች፤ ዘነዘናዋን ይዛም ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰች። ሕፃኑ ጮኸ፣ ጮኸና አንድ ጊዜ አገሳ፤ የኮመጠጠ ወተት አንገቷ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ዝም አለ። ትንፋሹ ጀርባዋን ሲያሞቃት ተሰማት፤ ተኝቷል። ጎረቤት ያለው ወፍጮ ሲፈጭ እንኳ ይሰማ ጀመር።

"አውርጂው" አለ እሱባለው በቀስታ። "አንገቱ ይሰበራል።"

"አላወርድም።"

"ቆራጩ እኮ ሄደ፤ ከማን ነው የምትደብቂው?" አሉ ወይዘሮ እናናየሁ፣ ግንባራቸውን በሻሻቸው ጫን አድርገው ይዘው።

"ከእኔ" አለች። አሁን ነው ያለቀሰችው። "ዛሬ ጠዋት ወረወርኩት፣ እማማ። እጄን አላምነውም። ጀርባዬ ላይ ሲሆን እጄ አይደርስበትም።"

የእሱባለው ፊት ጠቆረ። "ልጄን? የኔን ልጅ? አንቺ አውሬ!" ብሎ ቡጢውን ጨብጦ መጣባት።

ወይዘሮ እናናየሁ ከወለሉ ሳይነሱ እግሩን ጨምድደው ያዙት።

"ተዋት" አሉ። "አንተም እንዲሁ ታለቅስ ነበር።"

"እና?"

አማቷ ልጃቸውን ሳይሆን ማስተዋልን አዩ።

"እኛ ቤት በቅሎ ኖሮ አያውቅም" አሉ።

የእሱባለው ቡጢ ተፈታ፤ ጣቶቹ ወደ ቅንድቡ ሄዱ።