ኖራውን እንዳትረግጡ

ወንድሜን በስሙ የምትጠራው እናታችን ብቻ ነበረች። ለሌላው ሰው ሁሉ ፌንጣ ነው። ሥራው በሞተር ብስክሌት መዝለል ነበር፤ ከአንድ መወጣጫ ተነስቶ፣ በአየር ላይ ሄዶ፣ ማዶ ያለው ላይ ማረፍ። ሰዎች "ወንድምሽ ምን ይሠራል?" ሲሉኝ "ይዘላል" እላለሁ። "ምን ይዘላል?" ይላሉ። "ያገኘውን" እላለሁ። ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ባለቤቴ በያጅ ነው። የተዋወቅነው ፌንጣ የተሰበረ የሞተር ሻንሲ ሊያስጠግን እሱ ጋ በሄደ ጊዜ ነው። ሁለቱ ሲያወሩ አምሽተው ለእራት ይዞት መጣ፤ ከዚያ በኋላ ማን ያስወጣው። እናቴ "ልጄ ሞተር ሊያስበይድ ሄዶ አማች አስበይዶ መጣ" እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራ ነበር። ባለቤቴን የምትጠራው "ልጄ" ብላ ነበር። ከሥጋው ላይ ለሁለቱ እኩል ነበር የምታካፍለው፤ እንዲያውም አንዳንዴ ለእሱ ታደላለች፣ "ይሄኛው ብረት ነው የሚሸከመው" ብላ።

መወጣጫዎቹን የሚሠራው እሱ ሆነ። መነሻው ከብረት ነው። ማረፊያው ከተጠቀጠቀ አፈር ተሠርቶ በሳንቃ ይለበጣል። ከዝላይ በፊት ባለቤቴ ማረፊያው ላይ ኖራ በወንፊት ይነፋል፣ አዲስ ጸጉር የተቆረጠ ሰው አንገት ላይ ዱቄት እንደሚነፉት በስሱ። የኋላ ጎማ መጀመሪያ የነካው ቦታ ኖራው ላይ ታትሞ ይቀራል፤ ርቀቱ የሚለካው ከመነሻው ጠርዝ እስከዚያ አሻራ ድረስ ነው። በፊት በየትርዒቱ ጠብ ነበር። አንዱ ዘላይ "እዚህ ነው ያረፍኩት" ይላል፣ ሌላው "ዓይንህን ታከም" ይለዋል፣ ከዚያ ቡጢ ነው። ኖራ ከመጣ በኋላ ጠቡ ቀረ። "ኖራው ከተናገረ ዳኛ ዝም ይላል" ይባባላሉ። ሜትር ሳይዘረጋ ማንም ማረፊያው ላይ አይወጣም። ዘላዩ ቢወድቅም አይወጣም፤ በእነሱ ትርዒት የወደቀም ይቆጠርለታል፣ ዋናው ጎማው የነካበት ነው።

ፌንጣ አንድ ጊዜ ወድቆ ትከሻው ተሰብሮ፣ እዚያው በጀርባው እንደተንጋለለ "ኖራውን እንዳትረግጡ!" ብሎ ጮኸ። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ቀልድ ሆነ። ወለል ወልውዬ ሳይደርቅ ከመጣ ጫማውን አውልቆ በጣቶቹ ጫፍ እየተራመደ "አይዞሽ እቴ፣ ኖራውን አልረገጥኩም" ይለኛል።

እሱ የሚፈልገው የዓለም ሪከርድ ነበር። ሌላ ነገር አይፈልግም ነበር ማለት እችላለሁ። አንድ ቀን ልብሱን እየጠገንኩለት "ምን ያደርግልሃል?" አልኩት።

"እቴ፣ አውቶቡስ ደርድረው ያዘልሉኛል አይደል? ትርዒቱ ሲያልቅ ሰው ምን ይላል መሰለሽ? 'ያ ሁሉ አውቶቡስ!' ይላል። የሚያስታውሱት አውቶቡሶቹን ነው።"

"አውቶቡሶቹም እኮ ለፍተዋል" አልኩት።

"አንቺ ሳቂ። ሪከርድ ላይ ግን የሚጻፈው ሰው ነው።"

በመጨረሻ አንድ የትርዒት አዘጋጅ ተገኘ። ሰፊ ሜዳ ያዘ፣ ፖስተር ለጠፈ፣ ሪከርዱን ከሚመዘግቡት ዘንድ ታዛቢ አስመጣ። ታዛቢዋ ነጭ ኮፍያ ያደረገች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ጎልማሳ ሴት ነበረች። ደንቡን ለአዘጋጁ አስረድታዋለች። አዘጋጁ ደግሞ "እነሱ የኖሩበት ሥራ ነው፣ ለእነሱ ደንብ ልነግራቸው ነው?" ብሎ ለማንም ሳይናገር አለፈው። ይህንን የሰማነው ኋላ ነው።

በዝላዩ ቀን ጠዋት ልብሱን ለብሶ ዚፑ አልዘጋ ብሎ፣ ሰውነቱ ላይ እንዳለ እየሰፋሁለት ነበር። ባለቤቴ ኖራ የተሞላ ባልዲ ይዞ ገባ።

"አማች" አለው ፌንጣ፣ "ዛሬ ብወድቅም ኖራውን ሰው እንዳታስረግጥብኝ።"

"ብትወድቅ መጀመሪያ የምረግጠው አንተን ነው።"

"ቀልድ አይደለም። ያ ምልክት ከጠፋ እኔም ጠፋሁ ማለት ነው። ማልልኝ።"

"እሺ አልኩህ እኮ።"

"እሺ አይበቃኝም። እማዬን ብለህ ማል።"

ባለቤቴ ባልዲውን አስቀመጠና "እማዬ ትሙት፣ ማንም አይረግጠውም" አለ። ፌንጣ ጉንጩን ሳመው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "እቴ፣ ከነቆዳዬ እንዳትሰፊኝ፣ ማታ አውልቄው ነው የምተኛው" አለ።

ነፋስ ነበረ፣ ግን ከባድ አልነበረም። እንደ ልማዱ ሳይዘል በመነሻው አጠገብ በሙሉ ፍጥነት እየነዳ አለፈ፤ ፍጥነቱን የሚፈትሸው እንደዚያ ነው። ደግሞ አለፈ። ተመልካቹ ያፏጭበት ጀመር። "ፌንጣ ክንፍህን ረስተህ መጣህ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ከሜዳው ጫፍ ዞሮ መጣና መነሻው ላይ ወጣ።

እኔ ከአጥሩ ጀርባ ነበርኩ። በአየር ላይ ሲያልፍ ከሥር አየሁት፤ ጠዋት የሰፋሁት ክር ሳይቀር የታየኝ ይመስለኛል። የኋላ ጎማው ማረፊያውን ነካ፣ ከጠበቅነው ሁሉ አልፎ። ወዲያው የፊቱ ጎማ ሳንቃውን መታና ሞተሩ ተጠማዘዘ። ሞተሩ እየተንሸራተተ ወረደ። እሱ ማረፊያው ላይ ቀረ፣ ከአሻራው ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ በሆዱ።

እጁን አነሳ። ለምን እንዳነሳው ዛሬም አላውቅም። ሰው ግን ሰላምታ መሰለው። መድረክ መሪው በድምፅ ማጉያው "ፌንጣ ነው! ፌንጣ አይሞትም!" እያለ ጮኸ፤ ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ።

ቃሬዛ የያዙት ሰዎች ሮጡ። ባለቤቴ ቀድሟቸው ማረፊያው ግርጌ ደርሶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። "ኖራው! ኖራው! መጀመሪያ ሜትር ይምጣ!" ቆሙ። እነሱም የዚያው ትርዒት ሰዎች ናቸው፣ ልማዱን ያውቁታል። አንደኛው ቃሬዛውን መሬት ላይ አስቀመጠና ተደገፈበት። ለኪው ሜትሩን ከመነሻው ጠርዝ አያይዞ፣ እንዳይጠመዘዝበት እያስተካከለ፣ እየጎተተ መጣ። እኔ ከአጥሩ ጀርባ "ልቀቃቸው! አንተ ሰውዬ ልቀቃቸው!" እላለሁ፤ በዚያ ጭብጨባ መሀል ራሴም አልሰማሁትም። አጥሩን ልወጣ ስል አንድ ጠባቂ ወገቤን ያዘኝ። "ተረጋጊ፣ እየለኩ ነው" አለኝ።

ለኪው አሻራው ጋ ጎንበስ አለ። ቁጥሩን አነበበ። እንደገና አነበበ። ከዓለም ሪከርዱ በአንድ ሰው ቁመት ይበልጣል። ባለቤቴ "ሰበረው!" ብሎ ዘለለ፤ እጁንም ከመንገዱ ያነሳው ያን ጊዜ ነው።

ወንድሜ ዓይኑ ተገልጦ ነበር። ከንፈሩ ኖራ ሆኗል። አጥሩን አልፌ ስደርስ "ስንት?" ሲል ሰማሁት። ባለቤቴ ጆሮው ላይ ተጠግቶ ነገረው። ፌንጣ ሊስቅ ሞከረና ሳል ያዘው። የሳለው ደም ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ በሕይወት አልነበረም። ሐኪሙ ወጥቶ ውስጥ ውስጡን ሲደማ እንደነበረ ነገረን። "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ምናልባት..." አለና ፊታችንን አይቶ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። እኔ ጨረስኩት።

ታዛቢዋ ኮፍያዋን በእጇ ይዛ ወደ ኮሪደሩ መጣች። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለች። ባለቤቴ ከግድግዳው ተነስቶ፣ ዓይኑ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣

"ተመዝግቦለታል አይደል?" አላት።

"ምኑ?"

"ርቀቱ ነዋ! አሻራው እዚያው አለ። ማንም አልረገጠውም፤ እኔ ራሴ ነኝ የጠበቅኩት።"

ሴትየዋ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እሱን። "ዘላዩ ሞተሩ ላይ እንዳለ ማረፊያውን ወርዶ መውጣት አለበት" አለች በዚያች በማትሰማ ድምፅዋ። "ከወደቀ አይቆጠርም። እንደወደቀ እኮ ነው ነገሩ ያበቃው። አዘጋጁ አልነገራችሁም?"

ባለቤቴ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

"እኔማ ሁላችሁም ስትቆሙ ግራ ገብቶኝ ነበር" አለች። "ሐኪም የምትጠብቁ መስሎኝ።"

ባለቤቴ ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጢጥ አለ። የሚይዘው ሲያጣ የጫማውን ክር ይዞ ተቀመጠ።

ቃሬዛውን ያስቆመው እሱ መሆኑን እናቴ ከለቀስተኛ ሰማች። አልጮኸችበትም፣ አልሰደበችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ከቀብር ማግስት ምሳ ቀርቦ እሱ ዳር ላይ ተቀምጦ ሳለ "ይብሉ እንጂ" አለችው። አንቱ ብላ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። "እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ" አላት። "አውቄዎታለሁ" አለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ "ልጄ" የሚለውን ቃል ከአፏ አልሰማንም።

እሱ ደግሞ ማብቂያ የሌለው ሙግት ውስጥ ገባ። ሪከርዱ ይጻፍለት ብሎ አዘጋጁን ለመነ፣ ተጣላው፣ እንደገና ለመነው። ለታዛቢዋ ስልክ መታ። ሥራውን ትቶ፣ የሰው በርና መስኮት ሳይበየድ ግቢው ውስጥ ተከምሮ፣ እሱ ስልክ ይዞ ወዲህ ወዲያ ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በአንዱ ጫፍ እሱ ነበር፣ በሌላው ጫፍ ወረቀቱ።

"ቢጻፍ ይነሳልሃል?" አልኩት አንድ ቀን።

"ካልተጻፈ እኔ ለምን ነበር እዚያ የቆምኩት?" አለኝ። "ንገሪኝ እስቲ። ለምን ነበር የቆምኩት?"

ታዛቢዋ በመጨረሻ ራሷ ደወለች። ጉዳዩን ከሷ በላይ ያሉት እንዳዩት፣ እንደማይመዘገብ፣ በጣም እንዳዘነች ነገረችው። "እሺ" አላት። "አመሰግናለሁ" ጭምር አላት። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥቶ፣ ከሜዳው ያስመለሰውን የመነሻውን ብረት በመጋዝ መቁረጥ ጀመረና መሀል ላይ ተወው።

ያ ብረት ገና ግቢው ውስጥ እንዳለ ነው ጥይት የሚሉት ዘላይ የመጣው። ጥይት የፌንጣ ተፎካካሪ ነበር፤ በየትርዒቱ ሲሰዳደቡ ኖረው ለቅሶው ላይ ግን ከሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። ሻይ ቀረበለት። እናቴ ከጓዳው በር አጠገብ ልብስ ታጥፋለች።

"መወጣጫውን ሌላ ሰው እንዲሠራልኝ አልፈልግም" አለው ባለቤቴን። "ፌንጣ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው ማረፍ የምፈልገው። ሞተሬ ላይ ሆኜ ከወረድኩ ይጻፋል። ለሱም ክብር ነው።"

"ለሱ ምኑም አይደለም" አለ ባለቤቴ። ሻይ ጨመረለትና "እሠራልሃለሁ" አለ። "ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ብትወድቅ አልለካም። ኖራም ይሁን ሌላ፣ ረግጬው ነው የምመጣው። ቃሬዛውም ከኔ ጋር ነው የሚመጣው።"

ጥይት ብርጭቆውን አስቀመጠ። "እሱ ገብቶኛል። የዓለሙ አይቆጠር። ግን ብወድቅም እኮ እዚህ፣ በኛ ሰው ዘንድ፣ ከፌንጣ መብለጤ ይታወቅልኛል። ሜትሩ እስኪዘረጋ ብቻ..."

"አልጠብቅም አልኩህ!"

"አትቆጣ እንጂ።"

"አልጠብቅም!"

ጥይት ሄልሜቱን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ተነሳ። እናቴን በአክብሮት እጅ ነሳ፣ ለኔም ራሱን ነቀነቀልኝ። "እንግዲህ ሌላ በያጅ እፈልጋለሁ" አለ፤ "ቅር እንዳይልህ።" ወጣ። ሞተሩን ሲያስነሳ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

ባለቤቴ ቆሞ በሩን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እናቴ ዞረ፤ ምን ፈልጎ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ከቀብሩ ወዲህ የተነፈጋት አንዲት ቃል ነበረች።

እናቴ ያጠፈችውን ልብስ ጉልበቷ ላይ አመቻችታ፣ ቀና ሳትል፣ "ደግ ነው የተናገሩት" አለችው። "ለሌላ ሰው ልጅ።"