ያደረ ቀለም

አባቷ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሲያማስል የኖረ ሰው ነው። ልጁ መሐንዲስ ሆና ስትመረቅ ፋብሪካውን በወሬ አደነቆረው፤ አለቃውም ጆሮው ሲሰለቸው ቀለሙን በቧንቧ የሚገፋውን የአዲሱን ፓምፕ ስሌት ለእሷ ሰጣት። የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር።

ናሙናውን በቆርቆሮ የሚያመጣላት ራሱ አባቷ ነው። ውፍረቱን የምትለካበት መሣሪያ ዘንግ ቀለሙ ውስጥ በፍጥነት በዞረ ቁጥር ቀለሙ ይቀጥናል። ውሃ እንዲህ አያደርግም፤ ለቀለም ዓይነቱ ግን የተማረችበት መጽሐፍ ውስጥ ቀመር አለ። ቁጥሮቿ ቀመሩ ላይ ልክክ አሉ። ደስታዋን አልቻለችውም።

ሰኞ ፓምፑ ተተክሎ ሠራ። ማክሰኞ ጠዋት ግን ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ ቧንቧው ውስጥ ያደረው ቀለም ንቅንቅ አልል አለ። አለቃው ሳይቆጣ፣ "እስከ ዓርብ ካልሠራ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" ብሎ ሄደ። ሠራተኞቹ አባቷን ላለማየት ጫማ ጫማቸውን አዩ። እሷን ያንገበገባት ይሄ ነው፤ እሷስ ሌላ ሥራ ታገኛለች፣ የሱ ማፈር ግን አንጀቷን በላው።

ከሰዓት በኋላ ቁጥሮቿን ዘርግታ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ናሙናውን እንዴት ነበር የምትቀዳልኝ?"

"ከበርሜሉ ነዋ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በደንብ አማስዬ። ለልጄ የረጋ ቀለም ልሰጥ ነው እንዴ?"

ሳቋ አመለጣት። የአባቷ ደግነት ነው ጉድ የሠራት። እሷ የለካችው የተማሰለውን ነው፤ ቧንቧ ውስጥ አድሮ የረጋ ቀለም ግን ይያያዛል፤ ግፊቱ ከተወሰነ ልክ ካላለፈ ፍንክች አይልም። የእሷ ቀመር ደግሞ ትንሽ ከገፉት ትንሽ ይፈሳል ባይ ነው። ያን የመነሻ ልክ የሚጨምረው ቀመር እዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ ቀጣዩ ገጽ ላይ ነበር።

"እንግዲያ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ አባቷ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

"አልጠየቅኩህማ። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አሁን አንድ ቆርቆሮ መለኪያው አጠገብ ይደር። እንዳትነካው ግን።"

በማግስቱ ጠዋት አባቷ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቶ አጠገቧ ቆመ። ማማሰያ ሳያነሳ መቆም አሳሩን አሳየው። ዘንጉ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ግፊቱን ቀስ በቀስ ስትጨምር ግን ተላቀቀና ዞረ። ቁጥሩን ጻፈች፣ ስሌቷን አረመች፣ ሞተሩንም ሲነሳ የበለጠ ጉልበት ባለው አስቀየረች።

ዓርብ ጠዋት ያደረው ቀለም ቧንቧውን ጨርሶ ወጣ።

"ምን ነበር ችግሩ?" አለ አለቃው።

ልጅቷ አፏን ሳትከፍት አባቷ ቀደማት።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አለ፣ ሠራተኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ያወቀችብኝ ደግሞ ልጄ ናት።"