የሻምበል ዋጂድ የመጨረሻ ገጽ

«አንዲት ቃል እኮ ናት ልጄ» አለ ሐጂ ቃዩም፣ ሻጉፍታ ጉልበት ላይ ያለውን ገጽ በአገጩ እያመለከተ። «ከታች ‹ይቀጥላል› በዪበት። ሌላውን ለእኔ ተዪው።»

ሻጉፍታ ደሟ ፈላ። አባቷ ሻምበል ዋጂድ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ራዋልፒንዲ ከተማ ያለው ቤታቸው ምድጃ አልተለኮሰበትም፤ ምግብ የሚመጣው ከጎረቤት ነው። ውስጥ ሴቶቹ የቴምር ዘር የተከመረበት ነጭ አንሶላ ከበው ለነፍሱ አጭር የቁርኣን አንቀጽ ይቀራሉ፤ አንዴ በቀሩ ቁጥር ከክምሩ አንድ የቴምር ዘር ያነሳሉ። ይህ ዓይን አውጣ አሳታሚ ግን ለቅሶ ልድረስ ብሎ መጥቶ በረንዳ ላይ ገጽ ይለምናል።

«ማን ሊቀጥለው?»

«አንድ ጎበዝ ልጅ አግኝቻለሁ፤ በአባትሽ ስም ይጽፋል። ዲላወር ከሞተ መጽሔቱን ማን ይገዛዋል? አባትሽ ሠላሳ ዓመት ያዘጋጀው መጽሔት ይዘጋ?»

ዲላወር የአባቷ ልቦለድ ጀግና ነው፤ በየወሩ ዘምቶ በየወሩ ይመለሳል። ሰባት ዓመቷ ሳለ ጥይት መታው ብላ ስታለቅስ አባቷ እስክሪብቶውን ሰጣት። «በይ ‹ይቀጥላል› ብለሽ ጻፊ። አንቺ ካልፈቀድሽ አይሞትም።» ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል የምትጽፈው እሷ ናት። አባቷ ወታደር ሳለ በጦርነት የቆሰለ ጓደኛውን አስር አለቃ ማንዙርን ወንዝ ማዶ ትቶት እንደመጣ የሰማችው ካደገች በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ የመጨረሻውን ምዕራፍ አጻፋት። ዲላወር የቆሰለ ጓደኛውን ሊያመጣ ወንዙን ተሻገረ፤ እዚያው አጠገቡ ሞተ። «ይብቃው፣ ደክሞታል» አለ አባቷ።

«እኔ አልፈቀድኩም» ብላ እስክሪብቶውን ወርውራ ወጣች። ስትመለስ አባቷ የለም። ሦስት ቀን ሙሉ በእሱም በራሷም ተናዳ አንዲት የቴምር ዘር አላነሳችም።

«አንቺም እኮ ዲላወር እንዲሞት አትፈልጊም» አለ ሐጂ።

እውነቱን ነው። ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነው።

«አባቴ ስንት ዓመት ሲመልሰው ኖሮ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከጓደኛው ጋር እንዲቀር ፈለገ። እርስዎ ደግሞ ሬሳ ቀስቅሰው ሊያዘምቱ መጡ። እስክሪብቶዎን ይስጡኝ።»

ሐጂ ፊቱ በራ፤ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ከታች «ተፈጸመ» ብላ ጻፈችና አሳየችው።

«እንዳለ ያትሙት። ያለዚያ አያገኙትም።»

ገባች። ሴቶቹ መሃል ተቀመጠችና ከክምሩ አንድ የቴምር ዘር አንስታ መቅራት ጀመረች።