የኦቦ ቀነዓ ሙሾ

«አንድ ስንኝ እንኳ አልተገኘም?» አሉ አልቃሿ ወይዘሮ ጌጤነሽ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለአምቦ ሰው ሁሉ ሙሾ ሲያወጣ የኖረ፣ ለራሱ ሠልስት በሰው ግጥም ይለቀስለት?»

ዘርፈሽ የባሏን ሣጥን ለሦስተኛ ጊዜ በረበረች። የፈተና ወረቀት፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ አንድ ቀይ እርሳስ። መምህር ነጋሳ ለለመነው ሁሉ ጽፎ ይሰጣል፤ ቅጂ ማስቀረት አያውቅም። «ሌላ ይመጣል» ይል ነበር። አሁን ከየት ይምጣ? ሰው ሊበተን ነው፤ ባሏን ያለ ግጥም መሸኘቱ ከሞቱ ብሶ አንገበገባት።

በአርባ አምስት ዓመተ ምሕረት ጎጆ በምትባል የደጋ ከተማ ሲያስተምር ነው ያገባት። ከዚያ ካቺሲ፣ ከዚያ አምቦ። ከማስተማሩ ሌላ ስልክ ቤት ገብቶ እየጮኸ ለአዲስ አበባ ጋዜጣ ወሬ ይልካል። ወሬውን ያወጡለታል፣ ከሥር የሚቀጥለውን ግጥም ይቆርጡበታል። ተናዶ ሳምንት ያኮርፍና ተመልሶ ስልክ ቤት ይገኛል።

እሷንም ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው። ስሙን ስትጽፍ በቀይ እርሳስ እያረመ፣ «‹ሳ› እግሯ ተንጋደደ፤ አንካሳ አደረግሽኝ እኮ!» ይላታል። ሲመሽ ደግሞ፣ የጎጆ ብርድ አጥንቴ ውስጥ ቀርቷል እያለ፣ በሩን የሚዘጋው ራሱ ነበር። ከተቀበረ ወዲህ ግን በሩ ለለቀስተኛ ክፍት ነው።

«ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ነጋሳ! አስቀድመህ አልቅሰህልኝ አንተ ቀደምከኝ?»

የጎጆው ኦቦ ቀነዓ በከዘራ ተደግፈው ገቡ። ታሪኩን የሚያውቁት ሳቃቸውን ለመደበቅ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ኦቦ ቀነዓ ያኔ ቤታቸውን ለትምህርት ቤት የለቀቁ ሰው ናቸው። ተማሪዎቹን እንዳይበርዳቸው ነፋስ የሚገፋውን በር በትከሻቸው ደግፈው ይዘጉ ነበር። በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ገብስ የጫነ መኪናቸው ተገለበጠ። «ሞቱ» ሲሉት ነጋሳ ሳያጣራ፣ እያለቀሰ ስልክ ቤት ሮጠ። የጋዜጣው ሰዎች ሙሾ መቁረጥ ፈርተው ይሆናል፣ ግጥሙን እንዳለ አወጡት። በአራተኛው ቀን ኦቦ ቀነዓ ክንዳቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው አምቦ መጡ። ነጋሳ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ማስተባበያ ላውጣ» አላቸው።

«ተው! ሰው ሞቶ የማይሰማውን እኔ በቁሜ ሰማሁ።»

አሁን ከጋቢያቸው ሥር እንደ ክታብ የተጠቀለለ ቁራጭ ጋዜጣ አውጥተው ለዘርፈሽ ሰጧት። ዘርግታ አነበበች፦

የጎጆ ብርድ መጣ፣ በሩ ክፍት አደረ፤
በሩን የሚዘጋው ቀነዓ ነበረ።

ዘርፈሽ ቀና ብላ የተከፈተውን በር አየች። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ አላለቀሰችም።

«የእርስዎ ሙሾ እኮ ነው» አሉ ወይዘሮ ጌጤነሽ። «ነገ እርስዎ ሲሞቱስ?»

«እኔ ዐሥር ዓመት ተደሰትኩበት፣ ይበቃኛል። ለሱ ይሁን።»

ዘርፈሽ ቀዩን እርሳስ አነሳች። «ቀነዓ» የሚለውን በቀስታ ሰረዘችና ከላዩ «ነጋሳ» ብላ ጻፈች። «ሳ» እግሯ ተንጋደደ። ጥቂት ጠበቀች፤ የሚያርማት አልነበረም። ወረቀቱን ለአልቃሿ ሰጠች።